ዝናባማ ቀን በስኮትላንድ ጎዳና፦ ግንብ፣ ሙዚየም፣ ፏፏቴ፣ ባቡር ወይስ የውስኪ መጥመቂያ?

መኪና ይዞ ስኮትላንድን የሚዞር ሰው ቢያንስ አንዱ ቀን በዝናብ እንደሚያልፍ አስቦ ቢወጣ ይሻለዋል። ያ ቀን ሲመጣ ብዙዎች ቁርስ ላይ መስኮት መስኮቱን እያዩ ይከራከራሉ፣ ሁለት ሰዓት ይባክናል፣ በመጨረሻም ስልካቸው ላይ መጀመሪያ የወጣውን ቦታ ይዘው ይነዳሉ። ሲደርሱ ቦታው ጣሪያ የሌለው ፍርስራሽ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ወይ ቲኬቱ አልቋል፤ ወይ ጉሙ ተራራውን ከነሸለቆው ውጦታል። ያንን ክርክር ለማሳጠር አምስት ዋና ዋና አማራጮችን በተመሳሳይ መመዘኛ እናያለን። ሰዓቶቹ ሁሉ በአገሩ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት ናቸው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች፤ ስለ ስኮትላንድ ክረምት ስንል ብርዳማ ወራቷን፣ በጋ ስንል ሞቃታማ ወራቷን ነው።

መጀመሪያ ዝናቡን ይለዩ

"ዝናብ አለ" የሚል ትንበያ ብቻውን አይበቃም። በአማርኛ ለዝናብ ያሉን ስሞች እዚህ ጥሩ ያገለግላሉ፤ እያንዳንዱ ወደ ሌላ ቦታ ይመራልና።

ካፊያ ከሆነ ምንም የሚቀር ነገር የለም። ቆብ ያለው የዝናብ ጃኬት ለብሶ ፏፏቴ ማየትም ጫካ ውስጥ መሄድም ይቻላል። ዶፍ ሲሆን ወንዞች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞላሉ፤ ከመንገድ ዳር የሚታይ ፏፏቴ ይደምቃል፣ ጅረት የሚያሻግር የእግር መንገድ ግን መቅረት አለበት። ወጨፎ ከሁሉ ይከፋል። ነፋስ በጎን እያዳፋ የሚያመጣው ዝናብ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ገደል ጫፍ ላይ ያሉ ግንቦችን ያዘጋል፣ ወደ ደሴቶች የሚሄዱ ጀልባዎችን ያሰርዛል። ጉም ደግሞ አንድ ጠብታ ሳይወርድም ተራራውን ይሸፍናል፤ በዚያ ቀን "የሚያምር እይታ" የተባለ ቦታ ሁሉ ነጭ ግድግዳ ነው።

ስለዚህ ትንበያ ሲያዩ የደመናውን ሥዕል ትተው የነፋሱን ፍጥነትና የደመናውን ከፍታ ይመልከቱ። ድንገተኛው ነፋስ በሰዓት 40 ማይል የሚደርስ ከሆነ ቀኑን የወጨፎ ቀን ብለው ይያዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የት ነዎት የሚለው ነው። እርጥቡ ነፋስ በአብዛኛው የሚነሳው ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ነው። ተራሮቹን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል፣ ወደ ምሥራቅ ሲሻገር ቀሎ ይደርሳል። በምዕራብ ያለችው ፎርት ዊልያም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲዘንብባት በምሥራቅ ያለችው ኤድንብራ 700 አካባቢ ብቻ ታገኛለች። የአዲስ አበባው 1,200 ያህል ስለሆነ ኤድንብራ ከአዲስ አበባ ያነሰ ዝናብ አላት ማለት ነው። ልዩነቱ የኛው በክረምት ተጠራቅሞ ሲወርድ የእነሱ ዓመቱን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መከፋፈሉ ነው። ግሌንኮ ሸለቆ ወይም ስካይ ደሴት ላይ ዶፍ ከያዘዎትና ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ፣ ወደ ኢንቨርነስ፣ ወደ ፐርዝ ወይም ወደ ደንዲ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሻገር ብዙ ጊዜ ቀኑን ይለውጠዋል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በፀደይና በበጋ የምሥራቁ ጠረፍ "ሃር" በሚሉት የባሕር ጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ ምዕራቡ ፀሐይ ይሆናል።

መመዘኛዎቹ

ቦታ ከመምረጥዎ በፊት በእያንዳንዱ ላይ እነዚህን ይጠይቁ። ከመኪና ወርደው ወደ መኪና እስኪመለሱ ምን ያህሉ ጊዜ ጣሪያ ሥር ነው? ዝናቡ ቦታውን ይጎዳዋል ወይስ ያሳምረዋል? መንገዱ ምን ዓይነት ነው፤ ሰፊ ነው ወይስ ባለ አንድ መኪና? ለአራት ሰው ስንት ይወጣል? አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይፈልጋል ወይ፣ ስንት ሰዓትስ ይዘጋል?

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በዲሴምበር ኢንቨርነስ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 15፡30 አካባቢ ነው። በክረምት የግል ግንቦች ብዙዎቹ ጭራሽ አይከፈቱም። በበጋ ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ጣሪያ ሥር ስለሚሮጥ ትናንት ባዶ የነበረው ቦታ ዛሬ ሰልፍ ነው።

ግንብ፦ ጣሪያ ያለው ወይስ የሌለው

"ካስል" የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ግማሹ ክፍልና ምድጃ ያለው ቤት ነው፤ ግማሹ የቆመ ግድግዳ ብቻ ነው። በዝናብ ቀን ከሚሠሩ ስህተቶች ትልቁ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አለመለየት ይመስለናል።

ሎክ ኔስ ሐይቅ ዳር ያለው ኧርኸርት ግንብ ፎቶው እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን በ1692 ለቅቀው የሚወጡት ወታደሮች ራሳቸው በባሩድ ያፈረሱት ፍርስራሽ ነው። ጣሪያ ያለው የጎብኚዎች ማዕከሉ ብቻ ነው። በምሥራቅ ጠረፍ፣ ስቶንሄቨን አጠገብ ያለው ደኖተር ደግሞ ገደል ላይ ነው፤ መዳረሻው ረጅም ደረጃ ስለሆነ ነፋስ ሲበረታ ይዘጉታል። ሁለቱም ለካፊያ ይሆናሉ፣ ለወጨፎ አይሆኑም።

ለእውነተኛ ዝናብ የሚሆነው ስተርሊንግ ነው። የስኮትላንዱ ንጉሥ የጄምስ አራተኛ ታላቁ አዳራሽ በ1503 ገደማ የተሠራ ነው፤ የጄምስ አምስተኛ ቤተ መንግሥት በ1540ዎቹ፣ ማለትም ከፋሲል ግንብ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ። የንግሥቲቱ ክፍሎች፣ በእጅ የተሸመኑት የግድግዳ ምንጣፎች፣ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩት በእንጨት የተቀረጹ ፊቶችና ወጥ ቤቶቹ በጥድፊያ ካልታዩ ሦስት ሰዓት ይፈጃሉ። ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወሩ ግን በግቢው ክፍት ሜዳ ያልፋሉ። ግቢው ተዳፋት ሲሆን የተነጠፈው ድንጋይ በእግር ብዛት ለስልሷል፤ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እናት አባት ይዘው ከሄዱ የጎማ ሶል ያለው ጫማ ያስደርጓቸው፣ ክንዳቸውንም ይያዙ። ግንቡ በር ላይ ያለው ፓርኪንግ ትንሽ ስለሆነ ከ10፡30 በፊት መድረስ ይሻላል። ቲኬቱን ኢንተርኔት ላይ ሰዓት መርጠው ቢገዙ ከበሩ ይረክሳል፣ ሰልፉንም ያልፋሉ።

በኤ9 መንገድ ወደ ሰሜን ለሚነዳ ብሌየር ግንብ አለ፤ ሠላሳ ያህል ክፍል በተከታታይ ጣሪያ ሥር ስለሚታይ ለዶፍ ከስተርሊንግ እንኳ ይመቻል። በክረምት ግን ስለሚዘጋ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ላለው ጊዜ ብቻ ይቁጠሩት። ወደ ስካይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኢሊን ዶናን ትንሽ ነው፦ ክፍሎቹ ጠባብ፣ ደረጃዎቹ ቁልቁል፣ ውስጡ ፎቶ ማንሳት ክልክል። አሁን የሚታየው ግንብ ከፍርስራሽ እንደ አዲስ ተገንብቶ ያለቀው በ1932 ነው። መግቢያው ረጅም የድንጋይ ድልድይ ስለሆነ ወጨፎ ሲኖር ገና በሩ ላይ ሳይደርሱ ይበሰብሳሉ። ከውጭ አይቶ ለማለፍ አንደኛ ነው፤ ለዝናብ ቀን ዋና ዕቅድ ግን አናደርገውም።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ የሚሆን አንድ ማቆሚያ እንጨምር። ከስተርሊንግ ወደ ደቡብ በመኪና 20 ደቂቃ ገደማ ሄደው ላርበርት ትደርሳላችሁ። በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ተቀብሯል፤ በ1770 ጎንደር የገባው፣ ጢስ ዓባይንና ግሽ ዓባይን ያየው፣ መጽሐፈ ሔኖክን በግዕዝ ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰው ሰው። በ1794 የሞተው እዚያው አቅራቢያ ባለው ቤቱ ከደረጃ ወድቆ ነው። ሐውልቱ የድንጋይ አይደለም፤ በአካባቢው ካሮን ፋብሪካ የቀለጠ ብረት ነው፣ ያሠራውም ራሱ ብሩስ ለሚስቱ መታሰቢያ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጣሪያ የለውም፣ ዋጋም የለውም።

ሙዚየም፦ ለኪስ የሚቀል

ስኮትላንድ ውስጥ ትልልቆቹ የሕዝብ ሙዚየሞች መግቢያ ነፃ ነው። አራት ሰው ሙሉ ቀን ቢውል ወጪው ምሳና ፓርኪንግ ነው። በገንዘብ ብቻ ከተመዘነ የሚደርስበት አማራጭ የለም።

ኤድንብራ ቻምበርስ ጎዳና ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ከ10፡00 እስከ 17፡00 ይከፈታል። ልጆች ከሌላ በግ ሴል ተቀድታ (ክሎን ተደርጋ) የተወለደችውን በግ ዶሊን ማየት ይወዳሉ፤ በ1996 የተወለደችው ያቺው በግ ቆዳዋ ተሞልቶ ቆማለች። ግላስጎ ላይ ኬልቪንግሮቭ (1901) እና የትራንስፖርት ሙዚየሙ ሪቨርሳይድ (2011) አሉ። ኬልቪንግሮቭ ዓርብና እሑድ የሚከፍተው 11፡00 ነው፤ ይህን ሳያውቁ 10፡00 ደርሰው በሩ ላይ ዝናብ የሚመታቸው አይጠፉም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ 13፡00 ላይ አዳራሹ ውስጥ ኦርጋን ይመታል፤ ፎቁ ላይ ወጥቶ ከላይ ሆኖ መስማት ደስ ይላል። ደንዲ ያለው የዲዛይን ሙዚየም (2018) ከምዕራቡ ዝናብ ለሚሸሽ ጥሩ መዳረሻ ነው። ከፍ ብለው በሰሜን ላሉ ደግሞ ፎርት ዊልያም መሃል ትንሹ የዌስት ሃይላንድ ሙዚየም አለ፤ አንድ ሰዓት ያጠግባል፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁበት።

ችግሩ መኪናው ነው። ኤድንብራ መሃል ፓርኪንግ ውድ ስለሆነ አየር ማረፊያው አጠገብ ኢንግልስተን ባለው ነፃ የመኪና ማቆሚያ አቁመው በትራም ይግቡ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በራሱ አሮጌ መኪና ከለንደን ወይም ከሊድስ የሚመጣ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ የኤድንብራ፣ የግላስጎ፣ የደንዲና የአበርዲን መሃል ከተሞች ጭስ የሚበዛባቸው መኪኖች የማይገቡባቸው ናቸው። ቤንዚን ከሆነ በግምት ከ2006 ወዲህ፣ ናፍጣ ከሆነ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የተመዘገበ ያልፋል። ካላለፈ ቅጣቱ 60 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ግማሹ። እንደ ለንደን ከፍሎ መግባት የሚባል ነገር የለም። የኪራይ መኪኖች አዳዲስ ስለሆኑ አያሳስባቸውም።

ኤድንብራ ከገቡ በፕሪንስስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አልፈው አይሂዱ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት እዚያ ተቀምጦ ተገኝቶ በ2002 ወደ አገሩ የተመለሰው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ፏፏቴ፦ ዝናብ የሚያሳምረው ብቸኛው

ጢስ ዓባይን በሚያዝያም በመስከረምም ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ቃል አያስፈልገውም። የስኮትላንድ ፏፏቴዎች በደረቅ ሳምንት ቀጭን ክር ናቸው፤ ዶፍ በጣለ በጥቂት ሰዓት ያገሳሉ። ውሃው እንደ ሻይ ቡናማ ቢሆን አይደንግጡ፤ ረግረጉ ውስጥ ከበሰበሰው ዕፅዋት የሚመጣ ቀለም ነው።

ምርጫው የሚወሰነው በእግር መንገዱ ርዝመት ነው። ኪሊን መንደር ላይ የዶኸርት ፏፏቴ ከድልድዩ ይታያል፤ መኪናውን መንደሩ ውስጥ ማቆም እንጂ ድልድዩ ላይ መቆም የለም፣ ጠባብ ነው። ዓለቶቹ ላይ ወርዶ ፎቶ መነሳት የተለመደ ነው፤ በዶፍ ቀን ግን አይሞክሩት፣ ውሃው ሳይታወቅ ይጨምራል። ብሌየር ግንብ አጠገብ፣ ከኤ9 ላይ ብሩዋር ፏፏቴ አለ። ሙሉ ዙሩ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል፣ እስከ ታችኛው ድልድይ ግን ሩብ ሰዓት ነው፤ ሲመለሱ መንገድ ዳር ሱቅና ምግብ ቤት ስላለ እርጥብ ልጅ ለያዘ ሰው ከሁሉ ይመቻል። ከኢንቨርነስ ወደ አላፑል በሚወስደው ኤ835 ላይ ደግሞ ሮጊና ኮሪሻሎክ ይገኛሉ። ኮሪሻሎክ ጠባብ ገደል ውስጥ 46 ሜትር ይወርዳል፣ ለጢስ ዓባይ የቀረበ ቁመት ነው። የሚያዩት በተንጠለጠለ ድልድይ ላይ ቆመው ነው፤ ድልድዩ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ አይችልም፣ ይንቀጠቀጣልም። ከፍታ የሚፈራ ሰው ካለ ድልድዩ ላይ ሳይወጣ የሚታይበት ሌላ ሰገነት አለ።

ግሌንኮ ለብቻው ይታይ። ዶፍ ሲያቆም ከሁለቱም ግድግዳዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ነጭ ጅረቶች ይወርዳሉ፤ ከኤ82 ዳር ካሉት ማቆሚያዎች ከመኪና ሳይወርዱም ይታያሉ። ዝናቡ ካቆመ ብዙም ሳይቆይ ይደርቃሉና ጊዜው ጠባብ ነው። ጉም ከወረደ ግን አንዱም አይታይም። ስለዚህ የግሌንኮ ሕግ ቀላል ነው፦ ዝናብ ይሁን፣ ጉም አይሁን። ስካይ ላይ ፌሪ ፑልስ የሚባሉት የወንዝ ኩሬዎች ግን ከዶፍ በኋላ አይመከሩም፤ ሰው የሚሄድላቸው ለጥሩው ሰማያዊ ውሃ ነው፣ ያን ቀን ይደፈርሳል።

ባቡር፦ ሾፌሩም የሚያይበት

በዝናብ ቀን የሚነዳው ሰው ከመንገዱ በቀር ምንም አያይም። ከፎርት ዊልያም እስከ ማሌግ ያለው የ66 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ለእሱ ዕረፍት ነው። በመካከሉ በ1901 የተከፈተው ባለ 21 ቅስቱ የግሌንፊናን ድልድይ አለ።

በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ዓይነት ባቡር ይሄዳል። በእንፋሎት የሚሄደው ጃኮባይት ከፀደይ እስከ ኦክቶበር ብቻ ይሠራል፤ የደርሶ መልስ ዋጋው ለአንድ አዋቂ ከ60 ፓውንድ በላይ ነው፣ ለበጋ ደግሞ ከወራት በፊት መያዝ አለበት። በዝናብ ጠዋት ተነስቶ ማግኘት ዘበት ነው። መደበኛው የስኮትሬይል ባቡር ዓመቱን ሙሉ በዚያው ድልድይ ላይ ያልፋል፤ ዋጋው በጣም ያነሰ ነው፣ ቲኬቱም የዕለቱ ዕለት ይገዛል። ጉድለቱ በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው፤ አንዱ ካመለጠ ቀኑ ሄደ። ልጁ ለእንፋሎቱ ካልጓጓ በቀር የእኛ ምርጫ ሁለተኛው ነው።

በሁለቱም ላይ ወደ ማሌግ ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ ይቀመጡ፤ ሐዲዱ ድልድዩ ላይ ሲታጠፍ የባቡሩ ፊት የሚታየው ከዚያ ነው። በዝናብ ቀን ሠላሳ እርጥብ ካፖርት ያለበት ፉርጎ መስታወቱ ወዲያው በትነት ይሸፈናል። በእጅ ማበስ ቅባት ትቶ ያባብሰዋል። ትንሽ ደረቅ ፎጣ ይያዙ፣ የራስዎን ካፖርት ከመስኮቱ ያርቁት፣ ድልድዩ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይጥረጉት።

የውስኪ መጥመቂያ፦ ሞቃት፣ ግን ለሾፌር ገደብ ያለው

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል፦ ብቅል፣ ጥንስስ፣ ከዚያ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መቀበል። ልዩነቱ ጌሾ አለመኖሩና መጠጡ በሕግ ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መቆየቱ ነው። ትልልቆቹ የመዳብ ማሰሮዎች ያሉበት ክፍል እጅግ ሞቃት ነው፤ በርሜሎቹ ያሉበት መጋዘን ደግሞ ቀዝቃዛ። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መነሻ ዋጋው ብዙ ቦታ 20 ፓውንድ አካባቢ ነው። ፒትሎክሪ፣ ኦባንና ፎርት ዊልያም ላይ ከመሃል ከተማ ሳይርቁ ይገኛሉ።

የስኮትላንድ የአልኮል ገደብ ከእንግሊዝ ይጠብቃል፦ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 50 ሚሊ ግራም፤ እንግሊዝ 80 ነው። ሾፌሩ ምንም ባይቀምስ ይሻላል። ሲገባ "የምነዳው እኔ ነኝ" ካለ ድርሻውን በትንሽ ጠርሙስ አሽገው ይሰጡታል። ትንንሽ ልጆችን ወደ ማምረቻው የማያስገቡ ብዙ ስለሆኑ ከመያዝ በፊት ዕድሜውን ይጠይቁ። ለጥገና በሚያቆሙበት ሳምንት ደግሞ ማሰሮው ቀዝቅዞ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ክፍሉ ባዶ ነው፤ "ማምረት ላይ ናችሁ?" የሚል አንድ ጥያቄ ከዚህ ያድናል።

ከእነዚህ ውጭ ሁለት አጫጭር አማራጮች አሉ። ከኢንቨርነስ ምሥራቅ ያለው ኩሎደን የ1746ቱ ጦርነት የጎብኚዎች ማዕከል ጣሪያ ሥር አንድ ሰዓት ተኩል ይይዛል፤ ሜዳው ራሱ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነው። ፎልከርክ ላይ ደግሞ ጀልባን ከነውሃው አንስቶ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ግዙፍ ሽክርክሪት (2002) አለ። ጀልባው ሽፍን ነው፣ ላርበርትም ጎረቤቱ ናት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ጣሪያ | የሚስማማው ዝናብ | ዋጋ ለአንድ አዋቂ (ግምት) | አስቀድሞ መያዝ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ስተርሊንግ ግንብ | አብዛኛው | ሁሉም | ከ15–20 ፓውንድ | ይመከራል | የሚያንሸራትት ድንጋይ |
| ብሌየር ግንብ | ሙሉ በሙሉ | ዶፍ፣ ወጨፎ | ከ15–20 ፓውንድ | በበጋ | በክረምት ዝግ |
| ኧርኸርት፣ ደኖተር | የለም ማለት ይቻላል | ካፊያ ብቻ | ከ10–16 ፓውንድ | በበጋ | ነፋስ፣ መዘጋት |
| የከተማ ሙዚየሞች | ሙሉ በሙሉ | ሁሉም | ነፃ | አያስፈልግም | ፓርኪንግ |
| ፏፏቴ | የለም | ካፊያ፣ ከዶፍ በኋላ | ነፃ ወይም የፓርኪንግ ብቻ | አያስፈልግም | የሞላ ውሃ፣ ጉም |
| ጃኮባይት ባቡር | ሙሉ በሙሉ | ዶፍ፣ ካፊያ | ከ60 ፓውንድ በላይ | ከወራት በፊት | ቦታ አለመኖር |
| መደበኛ ባቡር | ሙሉ በሙሉ | ዶፍ፣ ካፊያ | ከጃኮባይት በጣም ያነሰ | አያስፈልግም | የጉዞ ቁጥር ማነስ |
| የውስኪ መጥመቂያ | ሙሉ በሙሉ | ሁሉም | ከ20 ፓውንድ ገደማ | ይመከራል | ሾፌርና ሕፃናት |

ለማን የቱ

ትንንሽ ልጆች ካሉ ሪቨርሳይድ ወይም ብሔራዊ ሙዚየሙ። ሮጠው ሲደክሙ ይወጣሉ፣ ቲኬት ስላልተከፈለ ማንም አይቆጨውም። ሃይላንድ (ተራራማው ሰሜንና ምዕራብ) ውስጥ ከሆኑ መደበኛው ባቡር።

ከአገር ቤት የመጡ ወላጆችን ይዘው ከሆነ፣ ብሌየር ግንብን ያስቀድሙና ብሩዋርን እስከ ታችኛው ድልድይ ብቻ ያክሉበት፤ ሁለቱ የሚራራቁት በጥቂት ደቂቃ ነው። ስተርሊንግ ለጉልበታቸው ይከብዳል። በዚያ በኩል ካለፉ ግን ላርበርትን አይዝለሉ፤ የብሩስን ስም በትምህርት ቤት የሰሙ አባት ያ ሐውልት ፊት ሲቆሙ ቀኑ ዝናብ መሆኑን ይረሱታል።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ጠዋት ነፃ ሙዚየም፣ ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ዳር የሚታይ ፏፏቴ። አራት ሰው ከነዳጅና ከምግብ በቀር ምንም ሳያወጣ ይውላል።

በግራ መንዳት አዲስ ለሆነ ሰው፣ ከአሜሪካም ሆነ ከኢትዮጵያ ቢመጣ፣ የዝናብ ቀን የመለማመጃ ቀን አይደለም። ባለ አንድ መኪናውን የስካይ ውስጥ መንገድ ትተው በኤ9 ወይም በባቡር ይቆዩ።

መንገዱ ላይ የሚበላሸው

በ60 ማይል ፍጥነት መኪና በደረቅ መንገድ ለመቆም 73 ሜትር ይፈልጋል፤ በእርጥብ ቢያንስ እጥፉን። ከፊት ካለው መኪና የአራት ሰኮንድ ርቀት ይጠብቁ። ውሃ ላይ መሪው ድንገት ቀለል ካለዎት ጎማው መንገዱን ለቋል ማለት ነው፦ ፍሬን አይርገጡ፣ ነዳጁን ቀስ ብለው ይልቀቁ።

መብራቱን "አውቶ" ላይ ትቶ መሄድ የኪራይ መኪና የተለመደ ስህተት ነው። ቀን በዝናብ የሚበራው ብዙ ጊዜ የፊት ትንሹ ብቻ ሲሆን ኋላው ጨለማ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው አያይዎትም። በእጅ ያብሩት። መስታወቱ ከውስጥ ሲሸፈን ሙቀቱን ከኤሲ ጋር አብረው ይክፈቱ፣ የውስጥ አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ያጥፉ፤ ኤሲው እርጥበቱን ይመጠዋልና።

ባለ አንድ መኪና መንገድ ላይ የመተላለፊያ ቦታው በግራ ከሆነ ይግቡበት፤ በቀኝ ከሆነ ትይዩው ላይ ቆመው ሌላው እንዲገባ ይጠብቁ። ለማሳለፍ ብለው ሣሩ ላይ አይውጡ። ከዝናብ በኋላ ከሣሩ በታች ረግረግ ነው፤ ጎማው ይሰምጣል፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ጎታች መጠበቅ ግማሽ ቀን ነው። ካርታውን ማታ ዋይፋይ ባለበት ስልክዎ ላይ ያውርዱት። በኤ83 ወደ ኢንቨራሪ የሚሄድ ሰው ከዶፍ በኋላ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነሳ፤ የሚያልፍበት ተዳፋት ስለሚናድ መንገዱ የሚዘጋ ነው።

ምሳና ልብስ

በዝናብ ቀን ሁሉም ሾርባ ያዛል። የምስር ሾርባ በየካፌው አለ፤ ጾመኛም፣ ሙስሊምም፣ አሳማ የማይበላም ሁሉ ግን "በአሳማ አጥንት ነው የተሠራው?" ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ባህላዊው አሠራር እንደዚያ ነውና። "ቪጋን" የሚል ምልክት ካለው ለጾምም ይሆናል። በሃይላንድ ብዙ ወጥ ቤቶች ከምሳ በኋላ እስከ 17፡00 ይዘጋሉ፤ ማታም 20፡30 ካለፈ ትኩስ ምግብ ማግኘት ይቸግራል።

ጂንስ አይልበሱ፤ አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ለእያንዳንዱ ሰው ትርፍ ካልሲና አንድ ፎጣ ኋላ ኮፈኑ ውስጥ ይኑር። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ዝናቡ ቆሞ ነፋሱም ሲሞት "ሚጅ" የሚባሉት ጥቃቅን ተናካሾች ይወጣሉ፤ ነፋስ ሲኖር አይታዩም፣ ስለዚህ ለሽርሽር ከጫካው ጥግ ይልቅ ነፋስ የሚነካውን ቦታ ይምረጡ።

በጁን ሰሜኑ እስከ 22፡00 ብርሃን ነው። ጣሪያ ሥር ውለው 18፡00 ላይ ቢያባራ፣ ገና አራት ሰዓት ብርሃን አለዎት፤ ቱሪስቱ እራት ላይ ነው፣ ፓርኪንጉ ባዶ ነው፣ የግሌንኮ ጅረቶችም ገና እየወረዱ ነው። ቁልፉን አንስተው ይውጡ።